የተረተሩ ግዝት

ሥራዬ ምን እንደሆነ ለእናቴ እንኳ በቅጡ አስረድቻት አላውቅም። «መምህር ብትሆን መምህር ነው እላለሁ፤ ሐኪም ብትሆን ሐኪም ነው እላለሁ፤ አሁን ለጎረቤት ምን ልበል?» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር የሚሠሩ ሦስት ድርጅቶች ነበሩ። አንዱ ችግኝ ያፈላል፣ እርከን ያሠራል፤ ሁለተኛው ገበሬውን በማኅበር ያደራጃል፤ ሦስተኛው ካህናቱን ሰብስቦ ስለ አፈርና ስለ ደን ያወያያል። ሦስቱም አንድ ቀበሌ እየገቡ አንዱ የተከለውን ሌላው ሳያውቅ ሲረግጥ፣ ገበሬውም በአንድ ሳምንት ሦስት ስብሰባ ሲጠራ ጊዜ «እንተባበር» አሉና አንድ አገናኝ ቀጠሩ። ያ አገናኝ እኔ ነበርኩ። አለቆቼ ሦስት ነበሩ፤ ሦስት አለቃ ያለው ሰው ደግሞ አለቃ የለውም።

የአርብ ገበያ ሰው ግን ስም ለማውጣት አልተቸገረም። አንድ ሽማግሌ «የማን ሠራተኛ ነህ?» ብለው ጠየቁኝ። «የሦስቱም» አልኳቸው። «እንግዲያ የማንም አይደለህማ! እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ሰው ደላላ ይባላል» አሉና አጠገባቸው የነበረውን ሁሉ አሳቁብኝ። ሦስቱን ድርጅቶች ደግሞ «ጉልቾቹ» አሏቸው። ስም ሲወጣ እንዲህ ነው፤ አንድ ጊዜ ከወጣ አይመለስም። በየስብሰባው ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥ» ሳይል አይቀርም ነበር፤ እኔም ስቄ አልፈዋለሁ። ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፤ ወጡ እንደሚጣፍጥ እርግጠኛ ነበርኩ።

ሥራው በወረቀት ላይ «ሽግግር» ይባል ነበር። ከብቱን እንዳሻው ለቆ ከማሰማራት፣ ሳሩን አጭዶ ደጅ ወደ መቀለብ መሸጋገር ማለት ነው። ቃሉን ስናገር ገበሬው ፊቱን ያጠቁራል። «ሽግግር ደግሞ መጣ? የፊተኛው ሽግግር አልበቃንም?» ይላሉ። የፊተኛው የመንግሥት ነበር፤ እነሱ የሚያስታውሱት ያንን ተከትሎ የመጣውን የመሬት ድልድል ነው። ስለዚህ ቃሉን ትቼ «ተረተሩን እናሳርፈው» ማለት ጀመርኩ። ይሄ ገባቸው። መሬትም እንደ ሰው እንደሚያርፍ ያውቃሉ።

ተረተሩ ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ያህል ርቆ፣ ከአንዲት ደብር በላይ ያለ ረጅም የተራራ ጀርባ ነው። እኔ ስደርስ አጥንቱ ወጥቶ ነበር። ድንጋዩ ብቻ ቀርቶ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጎርፉ ከታች ያለውን የገብስ ማሳ ይዞ ይወርዳል። ከተረተሩ ሥር መጀመሪያ የሚገኘው ቤት የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ነበር። ዕድሜዋ ከታላቅ እኅቴ ጋር ይቀራረባል፤ «እታለም» እላታለሁ። ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯት፣ አንድ ዳልቻ በሬም ነበራት። በሬው ከጎረቤቷ በሬ ጋር መቀናጆ ነው፤ ጎረቤቷ ሰውዬ ሁለቱን ጠምዶ የራሱንም የእሷንም መሬት ያርሳል። ባል የሌላት ሴት በራሷ በሬ መሬቷን አሳርሳ ምርቷን ሙሉ ወደ ጎተራዋ የምታስገባው እንዲህ ነበር። በሬው ከሌለ መሬቱ ለእኩል ይሄዳል፤ ግማሹ የሌላ ሰው ነው። በዚያ አገር መሬት ግማሹ ሁለት ልጅ አያሳድግም።

ተረተሩ ቢዘጋ ከሁሉ የምትጎዳው እሷ ነበረች፤ ዳልቻው ከደጇ ወጥቶ የሚግጠው እዚያ ነው። የቀበሌው ሰው ሁሉ «እሷ እሺ ካለች እኛ ምን አለን?» ብሎ ዓይኑን እሷ ላይ ጣለ። ሦስት ጊዜ ሄድኩባት። በሦስተኛው ቀን በሬውን እያሻሸች «በሦስት ክረምት ሳሩ ይደርሳል ነው የምትለው?» አለችኝ።

«ይደርሳል፣ እታለም። በሬሽ ከደጁ ሳይወጣ ይጠግባል።»

«ማልልኝ።»

«እንዴት አድርጌ ልማል? ሳር አይደል የሚበቅለው!»

ሳቀች። «እንግዲያ ቃልህን ያዝኩ» አለች፤ እሺ ያለችውም በዚህ ነው። የምትገባበትን አደጋ አንድ በአንድ ታውቅ ነበር። ያመነችው ድርጅቶቹን ሳይሆን እኔን ነው።

ተረተሩ ተዘጋ። ሕገ ደንብ ተጻፈ፤ «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» የሚለውን ቃል ያኔ በስንት ወረቀት ላይ እንደጻፍኩት እግዜር ይወቀው። ችግሩ ሕጉን የሚያስከብረው ኮሚቴ የዚያው አገር ሰው መሆኑ ነበር። የአክስቱ ልጅ ላም ገብታ ብታገኘው ዓይኑን ጨፍኖ ያልፋል፤ ያላለፈም እንደሆነ ሠርግና ልቅሶ የሚጠራው የለም። አንድ ክረምት ሳይሞላ የሳሩ ግማሽ ተበላ። በመካነ ኢየሱስ በተደረገው የሦስቱ ድርጅቶች ጉባኤ ላይ ነው እንግዲህ፣ ካህናቱን የሚያወያየው ድርጅት ሰው «ለምን ግዝት አይደረግበትም?» ያለው። ሁሉም ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ። ወረቀት የማይፈራ ሰው ግዝት ይፈራል።

የደብሩን ቄስ «አባ» እላቸው ነበር። ደቃቃ፣ ሳል የማያጣቸው፣ ነገር በቀልድ እያዋዙ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ነገሩን ስነግራቸው ግን አልቀለዱም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ተረተሩ አዩ።

«ልጄ፣ ግዝት ማሰር ቀላል ነው። መፍቻው መቼ ነው?»

«በሦስት ክረምት፣ አባ።»

«ማነው ‹አሁን ፍታው› የሚለኝ?»

«ጉባኤው ይነግርዎታል።»

«ጉባኤ አፍ አለው እንዴ? አንተ ንገረኝ።» ከዚያም «ማጭድስ? ከብት ብቻ ነው ወይስ ማጭድም?» አሉኝ። ሳሩ ሥር እንዲሰድ ብዬ «ለጊዜው ማጭድም ይከልከል፣ አባ» አልኳቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ሕዝቡን አቁመው፣ መስቀላቸውን ወደ ተረተሩ አቅንተው፣ ከብት ያስገባውንም ማጭድ ያነሳበትንም ገዘቱ። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በተረተሩ አንዲት ፍየል አልገባችም። ጠፍታ የገባች ላም ብትኖር እንኳ ባለቤቷ ከውጭ ቆሞ በስሟ እየጠራ፣ እየለመነ ያስወጣታል እንጂ እግሩን አያሳርፍም። የሦስቱ ድርጅቶች ኮሚቴ፣ ቅጣትና ወረቀት ያልሠሩትን የአንድ ደቃቃ ቄስ አፍ ሠራው።

እኔ ደግሞ ቃለ ጉባኤው ላይ «ክልከላው በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ይነሳል» ብዬ ጻፍኩ። «ይነሳል!» እስከ ዛሬ ይህን ቃል ሳየው ደሜ ይፈላል። ማን ያነሳዋል? በራሱ ይነሳ ይመስል! ባለቤት የሌለው ቃል ነው። አንዱ ድርጅት ሌላው ያነሳዋል ብሎ አነበበው፤ ሌላው የመንግሥት ቢሮ ያነሳዋል ብሎ አነበበው፤ ሦስተኛው አገናኙ ያነሳዋል ብሎ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ማን እንደሚያነሳው ከአባ ጋር በቃሌ ተነጋግሬ ነበር፤ ለእኔ ሰበብ የሚሆነኝ የለም።

ሦስተኛው ክረምት ክፉ ነበር። ዝናቡ ዘግይቶ ገባ፣ ነሐሴ ሳይጋመስ ወጣ። ገብሱ አጭር ሆኖ ቀረ፤ ገለባ የለውም። ተረተሩ ብቻ፣ አርፎ እርጥበት ስለያዘ፣ ሰንበሌጡ እስከ ሰው ወገብ ደረሰ። በመስከረም መጨረሻ አርብ ገበያ ላይ ከአባ ጋር ተገናኘን። ጨው ገዝተው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረዋል።

«ልጄ፣ ያን ነገር ልፍታው እንዴ? ዘንድሮ ለከብቱ ከባድ ነው። ሦስቱ ክረምትም ሞላ» አሉኝ።

እኔ ምን አልኩ? «ትንሽ ይቆዩ፣ አባ። በጥቅምት ጉባኤ አለን፤ የሳሩ አጨዳና አከፋፈል ሥርዓት ይወጣለትና ያኔ ይፈቱታል» አልኳቸው። ሥርዓት! ሰዉ ሳሩን ተሻምቶ እንዳያበላሸው፣ ደንብ ተጽፎ፣ ሦስቱም ፈርመውበት፣ እንግዳ ተጠርቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ እንዲሆን ፈልጌ ነው። ክፉ አስቤ አይደለም። ግን ያኔ አንድ «እሺ» ብል ኖሮ በዚያው እሑድ ይፈቱት ነበር።

«እንዳልክ። ብቻ አታቆየኝ» አሉ።

የጥቅምቱ ጉባኤ ሳይደረግ ቀረ፤ አንዱ ድርጅት የላከው ሰው «ለመስማት እንጂ ለመወሰን አልተላክሁም» አለ። በኅዳር ተሰበሰብን። ከጠዋት እስከ ቀትር የተከራከርነው በተረተሩ አፋፍ ስለሚተከለው ታፔላ ነው፤ የማን ስም ከላይ ይሁን፣ የማን ከታች። ወይ ጉድ! ከብቱ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፣ እኛ ስም እንደረድራለን። እኔም ከመሐል ቆሜ አስማማለሁ፤ ያን ቀን በማስማማቴ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። የግዝቱን ነገር «ለቀጣዩ» አልን።

ስመለስ የደብሩ ደወል ሲደወል ከሩቅ ሰማሁ። አባ ሞተዋል። ሳሉ ሦስት ቀን አስተኝቷቸው በአራተኛው ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ ሰዉ ሲያለቅስ እኔ የማስበው ስለ ተረተሩ ነበር፤ ይሄን መናገር ያሳፍረኛል። ከኋላዬ አንድ ሰው ለሌላው በቀስታ «ግዝቱን ፈቱት እንዴ?» ሲል ሰማሁ። ሌላው «የለም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

የተተኩት ወጣት ቄስ ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን «የሟችን ቃል እኔ በምን ሥልጣን እፈታለሁ? ከበላይ ካልታዘዝኩ አልነካውም» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ያ አፍ ደግሞ ከአፈር ገብቷል። እኔም መሮጥ ጀመርኩ። ማመልከቻ ለመጻፍ የሦስቱ ድርጅቶች ስምምነት ያስፈልጋል ተባልኩ። አንዱ «ሃይማኖታዊ ጉዳይ ነው፣ አንገባበትም» አለ። ሁለተኛው «ገዝቱ ያላችሁ እናንተ ናችሁ» አለ። ሦስተኛው «እኛ ሐሳብ ነው ያቀረብነው» አለ። ከአርብ ገበያ መካነ ኢየሱስ፣ ከመካነ ኢየሱስ ደብረ ታቦር፣ በእግር፣ በአይሱዙ ጭነት ላይ፣ በአውቶቡስ ተመላለስኩ። በመጨረሻ በእጄ ያስገባሁት ሦስት ማኅተም ያለበት አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ «ክልከላው የተነሣ መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል። ከቤተ ክህነት አይደለም፤ ከጉልቾቹ ነው።

ያን ደብዳቤ ይዤ ወደ እታለም ቤት የሄድኩት በጥር መጨረሻ ነው። ዳልቻው ደጅ ታስሮ ነበር። የጎን አጥንቱ ይቆጠራል። እሷ የማድ ቤቷ ጣሪያ ላይ ወጥታ የክዳኑን ሳር እየነቀለች ወደ ታች ትጥላለች፤ ልጆቿ ጥላሸቱን እያራገፉ ለበሬው ያቀርቡለታል። ስንት ዓመት ጭስ የጠጣ ሳር! ከራሷ በላይ ቀና ብትል ተረተሩ አለ፤ ሰንበሌጡ ደርቆ፣ ወርቅ መስሎ ይወዛወዛል።

«እታለም፣ ውረጂ። ደብዳቤ መጥቷል፤ ማጨድ ይቻላል» አልኳት።

ወረደች። ደብዳቤውን ተቀብላ አገላበጠችው፤ ማንበብ አትችልም፣ ማኅተሞቹን ቆጠረች። «ካህን ነው የጻፈው?»

«አይደለም። ግን ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ። ዛሬ እኔ ራሴ አብሬሽ ገብቼ አጭዳለሁ።»

ፈገግ አለች፤ ያን ፈገግታ አልወደድኩትም። «ኃላፊነቱን? ነፍስህንም ጨምረህ?» አለችኝ። ከዚያ ወደ ልጆቿ አየች። «እኔ ብቻዬን ብሆን ገብቼ ባጨድኩ። እነዚህ አሉ። በነሱ ላይ ምን ላምጣ? አባታቸውን ወስዶብኛል፤ ይበቃኛል።» ደብዳቤውን አጣጥፋ መለሰችልኝ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለችና ወደ ጣሪያዋ ወጣች።

እንዴት ያለች ሞኝ ናት ብሎ የሚስቅ ከተሜ አይጠፋም። እኔም ያን ቀን በልቤ ተናድጄባት ነበር። በሬሽ እየሞተ ነው እኮ፣ አንቺ ሴትዮ! ልላት ቃጣኝ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ግዝቱ እንዲከበር የፈለግነው እኛ ነበርን። የምታከብር ሴት ነበረች፣ አከበረች። ሳሩ እስከ ወገብ የደረሰውም እሷን የመሰሉ ሰዎች ስላከበሩ ነው።

ዳልቻው የወደቀው በየካቲት ነው። እዚያው ነበርኩ። ጎረቤቶቿ በሆዱ ሥር ወፍራም እንጨት አስገብተው ከሁለት ወገን ሆነው ያነሱታል፤ ይቆማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ተመልሶ ይወድቃል። ባለመቀናጆው ሰውዬ አንገቱን አቅፎ «አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ጌታ» ይለዋል፤ የገዛ በሬውም ከእሱ የተሻለ አልነበረም። ሰዎቹ «ሳይሞት ይታረድ» አሉ፤ ግን ዐቢይ ጾም ገብቷል። ሥጋውን ማን ይበላል? ማን ይገዛል? እንዲህ ሲባባሉ ሞተ፤ በክት ሆነ። እታለም አልጮኸችም። ገመዱን ከአንገቱ ፈትታ አጠቀለለችው። ትንሿ ልጇ ናት እየጮኸች ያለቀሰችው፤ እኔም ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። የማለቅስበት መብት እንኳ ያለኝ አልመሰለኝም።

ከበላይ ቤተ ክህነት ፈቃዱ የመጣው በመጋቢት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ አረጋዊ ካህን ከሩቅ መጥተው፣ በዚያው ደጀ ሰላም ቆመው ግዝቱን ፈቱት። የአንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚያህል ጊዜ አልፈጀባቸውም። ከሦስቱም ድርጅቶች ሰው መጥቶ ነበር፤ ፎቶ ተነሡ። ሰንበት ስለሆነ ያን ቀን የታጨደ የለም። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ አገሩ ሁሉ ማጭዱንና ገመዱን ይዞ ተረተሩን ወጣው። ድርሻ ድርሻው በዕጣ ተሰጠ። ማንም አልተሻማም፤ ያ ስፈራው የነበረው ሽሚያ አልመጣም። ሥርዓት ያስፈልገዋል ያልኩት ሕዝብ ከእኛ የተሻለ ሥርዓት ነበረው።

እታለምን ከአጫጆቹ መካከል ሳያት ደነገጥኩ። ድርሻዋን ጎንበስ ብላ ታጭዳለች። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

«ለማን ነው የምታጭጂው፣ እታለም?»

«ለባለመቀናጆዬ በሬ ነዋ። አንዱ እንኳ ይትረፍ» አለች፤ እጇ አላቆመም። «መሬቱን ለእኩል ሰጠሁት፤ ሰማህ? ትልቋንም ደብረ ታቦር ሰው ቤት አስገባኋት። እንጀራዋን እየበላች ነው ይሉኛል።»

ትልቋ ልጅ አምስተኛ ክፍል ነበረች።

ነዶዋን አስራ ቀና አለችና ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ወንድሜ። ሰው ሲያወራ ሰማሁ። አባ ከመሞታቸው በፊት ሊፈቱት ፈልገው ነበር፤ ‹ቆዩ› ያላቸው ሰው አለ ይላሉ። እውነት ነው?»

ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ወደ ሳሩ አየሁ። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ።

«ጉባኤው ነው። ጉባኤው ሳይወስን ቀርቶ ነው» አልኳት።

ጥቂት አሰበች። «ይሁን። እነሱ ምን ያውቃሉ፣ አገራቸው አይደለም። አንተማ ጫማህ እስኪያልቅ ስትሮጥልን አይቻለሁ» አለች፤ እጇንም ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። «እግዜር ይስጥህ። ቤትህን ይባርክልህ። ልጆችህ ይደጉልህ።»

«አሜን» አልኳት።